አጭሩ ቃልና መምህሩ ጄምስ መሬይ

በዚህ እትም የምናቀርብላችሁ የአንድ መምህር የሕይወት ታሪክ ነው። መምህሩ ካረፈ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ አገሩም ሩቅ ነው። ይሁን እንጂ ታሪኩን እንድንጽፍ ያነሳሳን ነገር የደረሰው እዚሁ አጠገባችን፣ ለማስተማር ልምምድ በወጣንበት ክፍል ውስጥ ስለሆነ አስቀድመን እሱን እንንገራችሁ።

ትምህርቱ እንግሊዝኛ፣ ክፍሉም አምስተኛ ክፍል ነበር። ጥቁር ሰሌዳው ላይ «ቴክ» የሚለውን ግስ ጻፍንና በትይዩው «ወሰደ» ብለን አስቀመጥን። ልጆቹ በደብተራቸው ገለበጡ። እኛም አንድ ቃል አስተማርን ብለን ደስ ብሎን ወጣን። በማግስቱ የቤት ሥራ ስናርም ግን ጉድ ፈላ! ሰውየው ጫማውን አወለቀ የሚለውን ዓረፍተ ነገር አንዱ ልጅ ጫማውን ይዞ ሄደ ብሎ ተርጉሞታል። ሌላው፣ በሽተኛው መድኃኒቱን ዋጠ በሚለው ፈንታ መድኃኒቱን ወደ አንድ ቦታ አድርሶታል። በመጨረሻ አንዲት ተማሪ እጇን አወጣችና አውሮፕላኑ «ቴክ ኦፍ» አደረገ ሲባል አውሮፕላኑ የወሰደው ምኑን እንደሆነ ጠየቀችን።

ልጆቹ አላጠፉም። ያጠፋነው እኛ ነን። አንዲት ቁልፍ ሰጥተን በሩን ሁሉ በእሷ ክፈቱ ብለናቸዋል። ከዚህ ይልቅ የሚያሳፍረው ደግሞ ለልጅቱ የሰጠነው መልስ ነው። ወደፊት ትማሪዋለሽ ብለን አለፍናት። እውነቱን እንናገር ከተባለ እኮ እኛም አናውቀውም ነበር።

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ወደ ቤተ መጻሕፍት ሄደን ትልቁን የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት አወረድን። ያቺ አራት ፊደል ያላት «ቴክ» ብቻዋን ገጹን ሞልታ ወደሚቀጥለው ገጽ ተሻግራ አገኘናት። ለመሆኑ ይህን ሁሉ ትርጉም አንድ በአንድ የለቀመው ማን ነው? ብለን ስንፈልግ ጄምስ መሬይ የሚባል ሰው ላይ ደረስን። ለካስ ሰውየው እንደኛው አስተማሪ ኖሯል። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የልብስ ሰፊው ልጅ

ጄምስ መሬይ ፌብሩዋሪ 7 ቀን 1837 በደቡብ ስኮትላንድ፣ ሆይክ ከምትባል ከተማ አጠገብ በምትገኘው በዴነም መንደር ተወለደ። አባቱ ልብስ ሰፊ ነበር። ቤተሰቡ በድህነት ባይራብም ልጁን ከፍተኛ ትምህርት ቤት የሚያስገባበት አቅም አልነበረውም። በመሆኑም ጄምስ በ14 ዓመቱ ትምህርቱን አቋረጠ። ከዚያ በኋላ እንደ መደበኛ ተማሪ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ አያውቅም።

ትምህርት ቤት ቢዘጋበትም መማሩን ግን አላቆመም። ያገኘውን መጽሐፍ ሁሉ ያነባል፤ ላቲኑን፣ ፈረንሳይኛውን፣ ጀርመንኛውን፣ ግሪኩን በራሱ ጥረት ይቆፍራል። አበባ ይሰበስባል፣ ድንጋይ ይሰበስባል፣ ከዋክብት ይቆጥራል። ላሞቹን ሳይቀር በላቲን ሲጠሩ እንዲሰሙ ሊያለማምዳቸው ሞክሮ ነበር ይባላል። ላሞቹ ምን ያህል እንደተማሩ ባይነገርም፣ ልጁ የሚያውቀውን ነገር ለሌላ ሳያካፍል ማደር የማይሆንለት እንደነበረ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

በ17 ዓመቱ በሆይክ ከተማ ረዳት አስተማሪ ሆኖ ተቀጠረ። በ20 ዓመቱ ደግሞ እዚያው ከተማ ውስጥ የአንድ ትምህርት ቤት ኃላፊ ሆነ። ልብ በሉ፤ ከእኛ መካከል ብዙዎቻችን አሁን ያለንበት ዕድሜ ነው። የከተማውን ሰዎች አሰባስቦ የአካባቢውን ጥንታዊ ቅርስ የሚያጠና ማኅበር ሲመሠረት በ1856 ከመሥራቾቹ አንዱ እርሱ ነበር። የሆይክና የአካባቢው ገበሬ የሚናገረውን ቋንቋም እንደ ተራ ነገር ንቆ አላለፈውም። እያንዳንዱን ቃል ሰው እንዴት እንደሚለው፣ የት እንደሚለው እያዳመጠ ይመዘግብ ነበር። ይህ የማዳመጥ ልማድ ኋላ ለትልቁ ሥራው መሠረት ሆነው።

ከሰሌዳ ወደ ባንክ፣ ከባንክ ወደ ሰሌዳ

መሬይ በ1862 ማጊ ስኮት የምትባል የሙዚቃ አስተማሪ አገባ። ደስታው ግን ብዙ አልቆየም። የወለዷት ሕፃን ልጅ ሞተች፤ ማጊም በሳንባ ነቀርሳ ታመመች። ሐኪሞች የስኮትላንድ ብርድ እንደማይስማማት ስለነገሩት የሚወደውን ትምህርት ቤት ትቶ በ1864 ይዟት ወደ ለንደን ሄደ። እዚያም ለኑሮ ሲል ከሕንድ ጋር በሚነግድ ባንክ ጸሐፊ ሆነ። ያም ሆኖ ማጊ በዓመቱ አረፈች። መምህሩ ሚስቱንም፣ ልጁንም፣ ሥራውንም አጥቶ በባዕድ ከተማ የባንክ መዝገብ ሲገለብጥ ቀረ።

በ1867 ኤዳ ራትቨንን አገባ። በሠርጉ ዕለት ሚዜው የነበረው ወጣት ኋላ በስልክ ፈጠራ ስሙ የታወቀው አሌክሳንደር ግራሃም ቤል ነው። ከኤዳ 11 ልጆች ወለደ። ባንክ ቤት እያለም ማታ ማታ የቋንቋ ጥናቱን አልተወም። የቋንቋ ሊቃውንት ከሚሰባሰቡበት የለንደን የፊሎሎጂ ማኅበር ጋር የተዋወቀውም በዚህ ጊዜ ነው። በ1870 ከለንደን ወጣ ብሎ በሚገኘው በሚል ሂል ትምህርት ቤት ተቀጥሮ ወደ ማስተማሩ ተመለሰ። በ1873 የደቡብ ስኮትላንድን የገጠር አነጋገር የሚያጠና መጽሐፉን አሳተመ። በዓመቱም የኤድንበራ ዩኒቨርሲቲ የክብር ዶክትሬት ሰጠው። በ14 ዓመቱ ከትምህርት ቤት የወጣው ልጅ እነሆ ዶክተር መሬይ ተባለ።

የቆርቆሮው ቤት

ታዲያ ትልቁ ሥራ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። የፊሎሎጂ ማኅበር በ1857 አንድ ትልቅ ሐሳብ አንስቶ ነበር። ሐሳቡም የእንግሊዝኛን ቃል ሁሉ፣ እያንዳንዱ ቃል ከተወለደበት ጊዜ ጀምሮ እስከ ዛሬ ያገለገለበትን ትርጉም ሁሉ ከማስረጃ ጋር የያዘ መዝገበ ቃላት ማዘጋጀት ነው። የመጀመሪያው አዘጋጅ ኸርበርት ኮልሪጅ ሥራውን እንደጀመረ በ1861 በ30 ዓመቱ ሞተ። ከእርሱ የተረከበው ፍሬድሪክ ፈርኒቫል ትጉህ ሰው ቢሆንም ሐሳቡ ብዙ ቦታ የሚበታተን ነበረና ሥራው ተጓተተ።

በማርች 1879 የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት ሥራውን ለመሬይ ሰጠው። ውሉ ላይ የተቀመጠው ጊዜ 10 ዓመት ነበር። መሬይ ከማስተማሩ ጎን ለጎን ሊሠራው ተስማማና በሚል ሂል፣ ከቤቱ አጠገብ አንዲት የቆርቆሮ ቤት አሠራ። ስሟንም ስክሪፕቶሪየም አላት፤ የጽሕፈት ቤት ማለት ነው። እኛ ለቆርቆሮ ቤት እንግዳ አይደለንም። በፀሐይ እንደምትግል፣ በብርድ እንደምትበርድ እናውቃለን። የዓለም ትልቁ የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት የተጀመረው በእንዲህ ዓይነቷ ቤት ነው። በውስጧ 1029 ትናንሽ የወረቀት ማስቀመጫ ሣጥኖች ተደረደሩ።

ከፈርኒቫል ዘንድ የመጣው ወረቀት ሁለት ቶን ያህል ይመዝን ነበር። በጆንያ በጆንያ ተጭኖ ሲደርስ አንዱ ጆንያ ውስጥ የሞተ አይጥ፣ ሌላው ውስጥ ከነልጆቿ በሕይወት ያለች አይጥ ተገኘች። አንድ ፊደል እንዳለ ኢጣሊያ ተቀምጦ ኖሮ ከዚያ ተፈልጎ መጣ። የሌላው ፊደል ወረቀት ደግሞ ገሚሱ አየርላንድ ውስጥ ለእሳት መለኮሻ ውሎ ተገኘ።

ሥራው የሚሠራው እንዲህ ነበር። በየአገሩ ያሉ ፈቃደኛ አንባቢዎች መጽሐፍ ያነባሉ። ያገኙትን ቃል በቁራጭ ወረቀት ራስጌ ላይ ይጽፋሉ። ከሥሩም የመጽሐፉን ስም፣ ዓመቱን፣ ገጹንና ቃሉ የገባበትን ሙሉ ዓረፍተ ነገር ገልብጠው ለመሬይ በፖስታ ይልካሉ። ከላኪዎቹ መካከል አስተማሪዎች፣ ቄሶች፣ የቤት እመቤቶች ነበሩበት። ሰው ገድሎ በአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ተዘግቶበት የኖረ ዊልያም ማይነር የሚባል አሜሪካዊ የጦር ሐኪም እንኳ ለብዙ ዓመታት ከክፍሉ ሆኖ በሺህ የሚቆጠሩ ወረቀቶች ልኳል። የመሬይ ልጆችም ከፍ ሲሉ ወረቀቶቹን በፊደል ተራ እየለዩ ጥቂት ሳንቲም የኪስ ገንዘብ ያገኙ ነበር።

ተራ ቃላት የት ገቡ?

መሬይ ጆንያዎቹን አራግፎ ወረቀቱን ሲያስተካክል አንድ የሚያስደንቅ ነገር አስተዋለ። አንባቢዎቹ የላኩት በብዛት እንግዳ፣ ብርቅና ጥንታዊ ቃላትን ነበር። ለምሳሌ ከአገልግሎት ለወጣው «አቢዩዥን» ለሚለው ቃል 50 ያህል ወረቀት ሲደርሰው፣ ሰው በየቀኑ ለሚጠቀምበት «አቢዩዝ» ግን አምስት እንኳ አልሞላለትም። ለምን ቢባል፣ አንባቢው ተራውን ቃል ሲያይ ይህንማ ማን የማያውቀው አለ እያለ ያልፈዋል። ሁሉም እንዲህ እያለ ሲያልፈው ቃሉ ያለ ምስክር ቀረ።

ስለዚህ መሬይ በዚያው በ1879 ለሕዝብ አዲስ ጥሪ አሳትሞ በተነ። ብርቅ ቃል ብቻ ሳይሆን ተራው፣ አጭሩ፣ የገበያውና የቤቱ ቃል እንዲላክለት ለመነ። እኛም ይህን ስናነብ ደንገጥ አልን። ልጆቹን ስናስተምር ረዥምና አስቸጋሪ የምንለውን ቃል በጥንቃቄ እየቆራረስን እናስረዳለን፤ «ቴክ»ን፣ «ጌት»ን፣ «ፑት»ን፣ «ሴት»ን ግን በአንድ ቃል ተርጉመን እናልፋለን። የሚያስቸግረውስ የትኛው ኖሯል? ረዥሙ ቃል አብዛኛውን ጊዜ አንድ ትርጉም ነው ያለው። አጭሩ ነው ባለ ብዙ ቤት።

«ቴክ» በመሬይ ጠረጴዛ ላይ

ከመሬይ በፊት በ1755 መዝገበ ቃላት ያሳተመው ሳሙኤል ጆንሰን ለ«ቴክ» ብቻ ከ130 በላይ አገልግሎቶችን ዘርዝሮ ነበር። ጆንሰንም በወጣትነቱ ትምህርት ቤት ከፍቶ ተማሪ ያጣ ሰው ነው። መሬይ ሥራው በፊደል ተራ ስለሚሄድ «ቴክ»ን ያገኘው በስተርጅና፣ ቲ የሚለው ፊደል ላይ ሲደርስ ነው። ያን ፊደል ለራሱ ያስቀረው እርሱ ነበር።

እንዲህ ያለ ቃል ሲመጣ አሠራሩ ይህ ነው። ወረቀቶቹ በዓመት ቅደም ተከተል ይደረደራሉ። ከዚያም አዘጋጁ እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር እያነበበ፣ ቃሉ እዚህ ቦታ ላይ ምን እያደረገ ነው? እያለ ይጠይቃል። ተመሳሳዩን ከተመሳሳዩ ጋር ያቆላልፋል። አንዱ ክምር ለሁለት ይከፈላል፤ ሁለቱ እንደገና ይከፈላሉ። ትርጉሙን አስቀድሞ ከራሱ አውጥቶ ምሳሌ አይፈልግለትም። ምሳሌዎቹን አዳምጦ ትርጉሙን ከእነሱ ያወጣል እንጂ። እኛ ሰሌዳው ላይ ያደረግነው ግልባጩን ነበር።

የ«ቴክ» ታሪክ ራሱ የሚገርም ነው። ቃሉ ሲጀመር የእንግሊዝ ልጅ አልነበረም። ከሰሜን በመርከብ መጥተው እንግሊዝ አገር ከሰፈሩት የስካንዲኔቪያ ሰዎች ቋንቋ የገባ ነው። ጥንታውያኑ እንግሊዞች ለመውሰድ የሚጠቀሙበት «ኒማን» የሚባል የራሳቸው ቃል ነበራቸው። እንግዳው ቃል ቀስ በቀስ እየሰፋ ባለቤቱን ከቤቱ አስወጣው። በጥንታዊው የጎቲክ ቋንቋ የሚገኘው የ«ቴክ» ዘመድ ደግሞ መንካት ማለት ነው።

ይህን ካወቅን በኋላ የቃሉ ቅርንጫፎች ትንሽ ትንሽ ይታዩን ጀመር። እጁን ዘርግቶ የነካ ይይዛል። የያዘ ይወስዳል። የወሰደ ወደ ራሱ ያስገባል፤ መድኃኒት ሲሆን ይውጠዋል፣ ምክር ሲሆን ይቀበለዋል። አውቶቡስ ሲሆን ይሳፈርበታል፣ ፈተና ሲሆን ይፈተነዋል፣ ፎቶግራፍ ሲሆን ያነሳዋል። ሥራው ጊዜ ሲ«ቴክ» ጊዜ ይፈጃል ማለት ነው። «ኦፍ» የምትለው ትንሽ ቃል ስትከተለው ከአንድ ነገር ላይ መለየትን ታመጣለች፤ ስለዚህ ጫማ ከእግር ላይ ሲለይ ይወልቃል። ሰው ለመዝለል ከመሬት ሲነሳም በዚሁ አነጋገር ይጠሩት ነበር። ኋላ አውሮፕላን ሲመጣ ቃሉ ተዘጋጅቶ ጠበቀው። እንግዲህ አውሮፕላኑ የወሰደው ምንም ነገር አልነበረም፤ ራሱን ከመሬት ላይ አነሳ እንጂ። የተማሪያችን ጥያቄ መልሱ ይኸው ነው።

አንባቢ ሆይ፣ ይህ የእንግሊዝኛ ጠባይ ብቻ እንዳይመስልህ። የራሳችንን «ቆረጠ» እንመልከት። እንጨት በመጥረቢያ ይቆረጣል። ትኬትም ይቆረጣል፤ የሚቆርጠው ተሳፋሪ ግን ቢላዋ አይዝም። ሰው ተስፋ ይቆርጣል፤ የሠርግ ቀን ይቆርጣል፤ ደመወዙ ይቆረጥበታል፤ ስልኩ ይቆረጣል። ቆርጦ የተነሳ ሰው ምንም ነገር አልቆረጠም፣ ወሰነ እንጂ። ልጁ ቁርጥ አባቱን ነው ስንል ደግሞ መልኩን ማለታችን ነው። አንድ የውጭ አገር ሰው አማርኛ ሲማር «ቆረጠ» ማለት በስለት ለየ ማለት ነው ብለን ብናሰናብተው፣ አውቶቡስ ተራ ደርሶ ትኬት ቁረጥ ሲባል መቀስ ፍለጋ ይሄዳል። የኛዎቹ ልጆች ላይ ያደረግነውም ይኸው ነው።

ኦክስፎርድና ያላለቀው ሥራ

የመጀመሪያው ክፍል ታትሞ የወጣው በ1884 ነው። 352 ገጽ ነበረው። ከኤ ጀምሮ ግን «አንት»፣ ማለትም ጉንዳን የሚለው ቃል ጋ ነበር የደረሰው። አስቡት እንግዲህ! ከአሥሩ ዓመት አምስቱ አልቆ ገና አንደኛው ፊደል እንኳ አላለቀም። መሬይ ማስተማሩንና መዝገበ ቃላቱን አብሮ ማስኬድ እንደማይቻል ስለተረዳ በ1885 ሚል ሂልን ትቶ ቤተሰቡን ይዞ ወደ ኦክስፎርድ ሄደ። በግቢው ሌላ የቆርቆሮ ቤት ተሠራ። ጎረቤት እይታዬን ይጋርድብኛል ብሎ ስላጉረመረመ ወለሉ ተቆፍሮ ከመሬት ዝቅ እንዲል ተደረገ። በዚህ የተነሳ ቤቱ እርጥበትና ብርድ የሚበዛበት ሆነ። መሬይ በክረምት ከባድ ካፖርት ለብሶ፣ እግሩን ከነፋስ ለመከላከል ሣጥን ውስጥ ከትቶ ይሠራ ነበር። የሚልከውና የሚቀበለው ደብዳቤ ከመብዛቱ የተነሳ ፖስታ ቤት በደጁ ላይ የፖስታ ሣጥን ተከለለት።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳንናገር አናልፍም። መሬይ ያላወቀውን ለመጠየቅ አያፍርም ነበር። ስለ አንድ ተክል ስም ለኪው የእጽዋት ሥፍራ ኃላፊ ይጽፋል። ስለ አንድ ዓይነት ጀልባ ኒውካስል ወደብ ላይ ላለ ነጋዴ ይጽፋል። ስለ አንድ ቃል አመጣጥ ለገጣሚው ለቴኒሰን ይጽፋል። የክብር ዶክተር ሆኖ፣ የዓለምን ትልቁን መዝገበ ቃላት በእጁ ይዞ፣ አላውቀውምና ንገሩኝ ማለት ክብሩን አልቀነሰበትም። እኛ ግን የአንዲት አምስተኛ ክፍል ተማሪ ጥያቄ ክብራችንን የሚነካ መሰለን።

ችግሩ ብርድ ብቻ አልነበረም። የማተሚያ ቤቱ ኃላፊዎች ሥራው ዘገየ፣ መጽሐፉም ከታሰበው በላይ ወፈረ እያሉ በየጊዜው ይወተውቱት ነበር። እርሱም ሥራውን ጥሎ ለመሄድ የተቃረበባቸው ጊዜያት ነበሩ። ባለቤቱ ኤዳ የቤቱንም የደብዳቤውንም ጣጣ ተሸክማ አበረታችው። ሄንሪ ብራድሌይ በ1888፣ ዊልያም ክሬጊ በ1901፣ ቻርልስ አንያንስ በ1914 እያንዳንዳቸው አዘጋጅ ሆነው ሥራውን ተካፈሉ። ይህ ሁሉ ተደርጎም ስህተት አልጠፋም። ሴት ባሪያ የሚል ትርጉም ያለው «ቦንድሜይድ» የሚባለው ቃል ወረቀቱ ወድቆ ስለጠፋ ሳይታተም ቀረ። ወደ መጽሐፉ የገባው መሬይ ከሞተ በኋላ በ1933 በወጣው ተጨማሪ ክፍል ነው።

የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ለረዥም ጊዜ እንደ ራሱ ሰው አልቆጠረውም ነበር። በ1908 የሰርነት ማዕረግ ተሰጠው። ኦክስፎርድ የክብር ዶክትሬት የሰጠው ግን በ1914፣ ሊሞት አንድ ዓመት ሲቀረው ነው።

መሬይ 80 ዓመት በሚሞላው በ1917 ሥራውን እጨርሳለሁ የሚል ተስፋ ነበረው። አልሆነለትም። ጁላይ 26 ቀን 1915 በ78 ዓመቱ አረፈ፤ የተቀበረውም እዚያው ኦክስፎርድ ነው። እስከ መጨረሻው ሲሠራ የነበረው ያንኑ ቲ የሚባለውን ፊደል ነበር። ከጠቅላላው መዝገበ ቃላት ግማሽ ያህሉን ያዘጋጀው እርሱ ነው። ብራድሌይም በ1923 ሞተ። ሥራው በ1928 ሲያልቅ 10 ጥራዝ፣ 414,825 ቃላትና 1,827,306 የጽሑፍ ምስክሮች ነበሩት። በ10 ዓመት ያልቃል የተባለው፣ ሐሳቡ ከተጠነሰሰ በ71ኛው ዓመት ተፈጸመ።

አጫጭሮቹ ግሦች ግን ዛሬም አላለቁም። ብራድሌይ ያዘጋጀው «ሴት» የሚለው ግስ በመጀመሪያው እትም ከ18 ገጽ በላይ ወስዶ 154 ዋና ዋና ክፍሎች ወጥተውለታል። በ1989 በወጣው ሁለተኛ እትም ውስጥ ከ430 በላይ ትርጉሞች ይዞ አንደኛ ነበር። በ2011 ደግሞ መዝገበ ቃላቱ እንደገና ሲታደስ «ረን»፣ ማለትም ሮጠ የሚለው ግስ 645 ትርጉሞች ተቆጥረውለት «ሴት»ን ቀደመው። ሰው አዲስ ነገር በሠራ ቁጥር አሮጌዋን አጭር ቃል ይጭንባታል። በእንግሊዝኛ እግር ብቻ ሳይሆን ወንዝም፣ ሞተርም፣ ድርጅትም፣ ኮምፒዩተርም ይሮጣሉ።

ለእኛስ?

ውድ ጓደኞቻችን፣ ውድ መምህራኖቻችን፣ የጄምስ መሬይን ታሪክ ስናነብ ሁለት ነገር ያዝን። አንደኛው ስለ ቃል ነው። ቃል ብቻውን አይኖርም፤ ትርጉሙ የሚታወቀው በጎረቤቶቹ ነው። «ቴክ»ን ለልጆች ስናስተምር ከ«ወሰደ» ጋር ብቻ ማጋባቱን እንተው። ከጫማ ጋር፣ ከመድኃኒት ጋር፣ ከአውቶቡስ ጋር፣ ከፈተና ጋር በሙሉ ዓረፍተ ነገር እናሳያቸው። አንድ መቶ ሠላሳውን ሁሉ ማለታችን አይደለም፤ በአንድ ቀን አራት ይበቃል። ልጆቹ ራሳቸው ከመጽሐፋቸው እየለቀሙ በቁራጭ ወረቀት ጽፈው ቢያመጡና በክፍሉ ግድግዳ ላይ ብንለጥፈው ደግሞ፣ እያንዳንዱ ክፍል የራሱ ትንሽ ስክሪፕቶሪየም ይኖረዋል። ወጪው ወረቀትና ሙጫ ብቻ ነው።

ሁለተኛው ስለ መምህር ነው። ብዙዎቻችን የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ጨርሰን የመጣን ነን። የምናውቀው ትንሽ መሆኑን በልባችን ስለምናውቅ እንፈራለን። ስለምንፈራም አላውቅም ማለት ያቅተናል። ያ በ14 ዓመቱ ትምህርት ያቋረጠ ልጅ ግን ትልቅ የሆነው ሁሉን ስላወቀ አልነበረም። ባላወቀው ላይ ደፍኖ ስላላለፈ ነው። አንዲት አጭር ቃል እንኳ ሳይንቅ አጎንብሶ ጠየቃት።

ሰኞ ወደዚያ አምስተኛ ክፍል እንመለሳለን። ሰሌዳው ላይ የጻፍነው «ወሰደ» በልጆቹ ደብተር ውስጥ እስካሁን እንዳለ ነው። ሥራችንን የምንጀምረው ያቺን ተማሪ አስነስተን ባለፈው ጊዜ መልሱን ስለማናውቀው እንዳለፍናት በጓደኞቿ ፊት በመንገር ይሆናል። ከዚያ በኋላ አውሮፕላኑን ከመሬት እናነሳዋለን።